ብርጭቆው የየትኛው መለኪያ ነው?

«ጋሼ፣ በገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከላችን ግቢ የዝናብ መለኪያ አለ፤ በየጠዋቱ የማነበው እኔ ነኝ። የሐምሌ ድምሬ 198 ሚሊ ሜትር ሆነ። 14 ኪሎ ሜትር የሚርቀው የወረዳው ከተማ ጣቢያ ግን 341 መዝግቧል። ባለፉት ዓመታት እነሱ መቶ ሲሉ እኛ ዘጠና ሁለት፣ ዘጠና ሦስት ነበር የምንለው። ዘንድሮ ገበሬው ጎርፍ በላኝ እያለ የኔ ወረቀት ድርቅ ይመስላል። ‹ሳትለኪ ገምተሽ ነው የሞላሽው› ተብያለሁ። ግንቦት ላይ መለኪያ ብርጭቆው ተሰብሮ ሌላ ተላከልኝ እንጂ ምንም የተቀየረ ነገር የለም። ጥፋቱ የት ነው?»

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ ከምሥራቅ ጎጃም

እኅቴ፣ ገምተሽ እንዳልሞላሽ ከቁጥሩ ያስታውቃል። የሚገምት ሰው ጎረቤቱን አይቶ ነው የሚገምተው፤ በዚህ ያህል አይርቅም። እኔ የተጠራጠርኩት «ምንም የተቀየረ ነገር የለም» ከማለትሽ በፊት እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሽውን ብርጭቆ ነው።

የዝናብ መለኪያ ብርጭቆ እንደ ሻይ ብርጭቆ አንዱ ሲሰበር በሌላው የሚተካ ዕቃ አይደለም። 1 ሚሊ ሜትር ዘነበ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውኃ ወረደ ማለት ነው። መለኪያው ግን የሚቀበለው በአፉ ስፋት ልክ ነው። አፉ የሰፋው ብዙ ውኃ ያጠራቅማል፣ የጠበበው ጥቂት፤ የዘነበው ዝናብ ግን አንድ ነው። ብርጭቆው ላይ ያለው መስመር የተሰመረው ይህንኑ ታስቦ ለአንድ ዓይነት አፍ ብቻ ነው።

በእጄ ያለፉት ሦስት ዓይነት ናቸው፦ አፋቸው 12.7 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 16 ገደማ የሆነ እና 20.3 የሆነ። ስፋታቸው በቅደም ተከተል 126.7፣ 200 እና 324 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይመጣል። እኩል 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብባቸው የመጀመሪያው 127 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ሁለተኛው 200፣ ሦስተኛው 324 ይይዛሉ። እንግዲህ የትንሹን ውኃ በመካከለኛው ብርጭቆ ብትሰፍሪው 10 ማለት ሲገባው 6.3 ይልሻል።

አሁን ያንቺን ቁጥር እንየው። 198ን ለ341 ስናካፍል 0.58 ነው። በፊት 0.92 ገደማ ነበር። 0.58ን ለ0.92 አካፍዪው፤ 0.63 ይወጣል። 126.7ን ለ200 ስታካፍዪም 0.63 ነው። መግጠሙ ደስ ቢለኝም ቢሮ ተቀምጬ በሒሳብ ብቻ መፍረድ አልወድም። ማስመሪያ ያዢና ወደ ግቢው ውጪ።

የመለኪያውን አፍ ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ በሁለት አቅጣጫ ለኪው፤ ከብት ገፍቶት ወይም ወድቆ ከተጨፈለቀ ሁለቱ ልኬቶች ይለያያሉ። ቀጥሎ ከመድኃኒት ቤት ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዢ። ብርጭቆውን ደልዳላ ቦታ ላይ አስቀምጠሽ እየቆጠርሽ ውኃ ጨምሪበት። አሥሩን ሲሪንጅ፣ ማለትም 200 ሚሊ ሊትር ጨርሰሽ ውኃው 10 ሚሊ ሜትር ላይ ከቆመ ብርጭቆው የ16ቱ ነው። ስድስት ተኩል እንኳ ሳይሞላ 10ን ከነካ የ12.7ቱ ነው፤ አሥሩም ገብቶ 6 አካባቢ ከቀረ የ20.3ቱ ነው። ስታነቢ ዐይንሽን ከውኃው እኩል ዝቅ አድርጊ፤ ውኃው በዳር በዳር ወደ ላይ ስለሚሳብ የሚነበበው የመካከሉ ዝቅታ ነው። አንዳንዱ ብርጭቆ ላይ ስፋቱ በካሬ ሳንቲ ሜትር ተቀርጾበታል። የተሰበረው ስባሪ ካልተጣለም አምጥተሽ አስተያዪው።

ብርጭቆውና አፉ ከተስማሙ ጥርጣሬዬ ከንቱ ነው፤ ወደ ሌላው እንሂድ። ፈነሉ በቅጠል ወይም በወፍ ላባ ከተደፈነ ውኃው ላይ ቀርቶ በፀሐይ ይተናል፤ አንድ ሲሪንጅ ውኃ ከላይ አፍስሰሽ ወዲያው መውረዱን እይ። ባሕር ዛፍም አለ። መለኪያው ሲተከል ጉልበት የማይደርስ ችግኝ ከነበረ ዛሬ ዝናቡን ይጋርዳል። ማንኛውም ዛፍ ወይም ቤት ከመለኪያው አፍ በላይ ካለው ከፍታው ቢያንስ ሁለት እጥፍ መራቅ አለበት። ነገር ግን ዛፍ በአንድ ክረምት ከ0.92 ወደ 0.58 አያወርድም፤ በየዓመቱ ትንሽ በትንሽ ነው የሚሰርቅ። ድንገት እንደ ገደል የወረደ ቁጥር ሁልጊዜ የሚያሳየኝ ሰው ወይም ዕቃ የተቀየረበትን ቀን ነው።

አንድ የምጠይቅሽ አለ፤ ሐምሌ ያልሽው የትኛውን ነው? የጣቢያ መዝገብ የሚሞላው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 341 የተባለው የጁላይ ድምር መሆን አለበት። አንቺ የደመርሽው ከሐምሌ 1 እስከ 30 ከሆነ ግን ያ ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6 ነው። ሁለቱ የሚጋሩት 24 ቀን ብቻ ነው። በሐምሌ ግራ ቀኙ ሁሉ ዝናብ ስለሆነ ልዩነቱ ብዙ ላይጎላ ይችላል። ሰኔና መስከረም ላይ ነው ጉዱ፤ አንዱ ዝናቡ የሚገባበት፣ ሌላው የሚወጣበት ነውና አንድ ሳምንት መንሸራተት ድምሩን ሌላ ያደርገዋል። የጳጉሜን ዝናብማ ወደ ነሐሴም ወደ መስከረምም ሳይገባ ባክኖ የቀረበት መዝገብ አይቻለሁ። ስለዚህ ዕለት ዕለት ስትጽፊ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን አስፍሪ፤ ከጣቢያ ጋር ስታወዳድሪ ግን በፈረንጁ ደምሪ። የምታነቢበት ሰዓትም ጠዋት 3 ሰዓት ይሁን፣ እንደነሱ።

እሑድ ሳታነቢ ቀርተሽ ሰኞ የሁለት ቀን ውኃ ካገኘሽ የእሑዱ ቦታ ላይ ዜሮ አትጻፊ። ዜሮ አልዘነበም ማለት ነው፤ አላየሁም ማለት ሌላ ነው። ሰረዝ አድርጊበትና የሰኞው የሁለት ቀን ድምር መሆኑን ጻፊ።

ጥፋቱ የብርጭቆው ሆኖ ከተገኘ የድሮውን ቁጥር እንዳትፍቂ። እንኳን በላጲስ፣ በሰረዝም አትንኪው። አጠገቡ አዲስ ዓምድ ክፈቺና አፉ 12.7 ሆኖ ብርጭቆው የ16ቱ ከሆነ፣ ብርጭቆው ከተቀየረበት ቀን ጀምሮ ያለውን እያንዳንዱን ልኬት በ1.58 (200 ለ126.7 ሲካፈል) አባዢ። ብርጭቆው የመጣበትን ቀን፣ የአፉን ስፋትና የሲሪንጁን ውጤት ከግርጌ አስፍሪ። ይህን ሳታደርጊ ድምሩን ብቻ ብታስተካክዪ «ገምታ ነው» ያለሽን ሰው እውነተኛ ታደርጊዋለሽ። 198 ሲባዛ 313 ገደማ ነው። ከ341 የሚቀረው 28 የመልክዓ ምድሩ ነው፤ የክረምት ዝናብ አንዱን ተረተር አርሶ ማዶውን ደረቅ ሊተው ይችላል። እሱን ለማስተካከል አትሞክሪ።

ይህን ሁሉ የማውቀው ከብልሃት እንዳይመስልሽ። ወጣት ቴክኒሻን ሳለሁ የተለያዩ ብርጭቆዎችን በአንድ ካርቶን ይዤ ወጥቼ የአንዱን ጣቢያ ለሌላው ሰጥቻለሁ። ታዛቢው የክረምቱን እኩሌታ ሞላ፤ እኔም ሄጄ እሱን ተቆጣሁ። ብርጭቆውን ገልብጦ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ያሳየኝ ራሱ ነው።

ትክክለኛው ብርጭቆ እስኪመጣ መለካት አታቁሚ። አፉ 12.7 ከሆነ የተጠራቀመውን ውኃ በሲሪንጁ እየሳብሽ ቁጠሪና ሚሊ ሊትሩን ለ12.7 አካፍዪ፤ አጋጣሚ ሆኖ የአፉ ወርድና የምታካፍዪበት ቁጥር አንድ ናቸውና አይጠፋሽም። 95 ሚሊ ሊትር ካገኘሽ 7.5 ሚሊ ሜትር ዘንቧል። ዝናቡ በርትቶ ብዙ ጊዜ መሳብ ካለብሽ እያንዳንዱን ስቢያ ስትደፊ ወረቀት ላይ ጭረት አድርጊ፤ ከአምስተኛው በኋላ ሰው መርሳት ይጀምራል።