ብር ስትቀበሉ ቁጥሩንም እዩት

ውድ ልጆቼ፣

ባንክ ቤት ያረጀሁ መሆኔን ስትሰሙ አንድ ጥያቄ አታጡልኝም። «ብሩ ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥር ምን ይሠራል?» ትሉኛላችሁ። መልሱንም አብራችሁ ነው ይዛችሁ የምትመጡት፤ ፎርጅድ ለመለየት ነው ትላላችሁ። እውነት ነው፤ ግን እንደምታስቡት አይደለም። አንዲት ብር ብቻዋን ይዛችሁ ቁጥሯ ላይ ብታፈጡ ምንም አትነግራችሁም። ፎርጅድ የሚሠራ ሰው ቁጥር ማተም አያቅተውም። ቁጥር የሚናገረው ከሌላ ቁጥር ጋር ሲያስተያዩት ነው።

ከቀላሉ ልጀምር። ከማተሚያ ቤት የመጣ ያልተፈታ እስር 100 ኖት ይይዛል። የመጀመሪያው ቁጥር በ01 ካለቀ የመጨረሻው በ00 ማለቅ አለበት። ጎበዝ ገንዘብ ያዥ ቆጥሮ ሲጨርስ ዳርና ዳሩን ያያል። መሐል ላይ ቁጥር ከዘለለ ለምን እንደዘለለ ይጠይቃል። በነገራችን ላይ፣ ገንዘብ በትልቅ ወረቀት ላይ ሲታተም ጎን ለጎን ያሉት ኖቶች ቁጥራቸው ተከታታይ አይደለም። ተከታታዮቹ በተደራረቡት ወረቀቶች ላይ እዚያው ቦታ ያሉት ናቸው። ቁልሉ ሲቆረጥ እስሩ በተራው ተሰድሮ ይወጣል። ይህን ያሰበውን ሰው ሁሌ አደንቀዋለሁ።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ በፊደል ፈንታ ኮከብ ያለበት ዶላር ቢያጋጥማችሁ አትደንግጡ። ፎርጅድ አይደለም። ሲታተም የተበላሸ ኖት ከተገኘ ያንኑ ቁጥር መልሶ ከማተም ይልቅ ባለኮከብ ይተኩበታል። ቆጠራው እንዳይዛባ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የምነግረው የፖርቱጋሉን ታሪክ ነው። አልቬስ ዶስ ሬይስ የሚባል ሰው ነበር። የፖርቱጋል ባንክ፣ ማለትም የአገሪቱ ብሔራዊ ባንክ፣ ለቅኝ ግዛቷ ለአንጎላ ገንዘብ እንዲታተም የፈቀደ የሚያስመስል ውል ፎርጅድ አድርጎ ሠራ። ያስተውሉ፣ ፎርጅድ ያደረገው ውሉን እንጂ ብሩን አይደለም። ከዚያ በተባባሪዎቹ በኩል ለንደን ያለው ዋተርሎው ዘንድ ሄደ። ዋተርሎው የባንኩን ባለ 500 ኤስኩዶ (የያኔው የፖርቱጋል ገንዘብ) ያትም የነበረው ድርጅት ራሱ ነው። በ1925 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ 200,000 ኖት አተሙለት። ያው ወረቀት፣ ያው ቀለም፣ ያው ማተሚያ። ሰውየው በዚህ ገንዘብ የራሱን ባንክ እስከመክፈት ደረሰ።

ወሬው በዛና ታኅሣሥ 1925 እ.ኤ.አ. ፖርቶ ከተማ ያለውን ቅርንጫፉን መርማሪዎች ከበቡት። የገንዘብ ባለሙያ መጥቶ ኖቶቹን አገላብጦ አየ። «እውነተኛ ናቸው» አለ። ምን ያድርግ፣ እውነተኛ ነበሩ! ነገሩ ሊከሽፍ ሲል ቁጥሮቹን ማስተያየት ጀመሩ። አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው ሁለት ኖቶች ተገኙ። ከዚያ ሌላ ጥንድ፣ ከዚያ ሌላ። በቃ፣ አለቀለት። ሬይስ ከአንጎላ ሲመለስ መርከብ ላይ ተያዘ፤ በኋላም 20 ዓመት ተፈረደበት።

ሰዉ በሌባው ብልጠት ይደነቃል። እኔን የሚያናድደኝ ግን ማተሚያ ቤቱ ነው። ቁጥሮቹ ቀድመው ከወጡት ኖቶች ቁጥር ጋር አንድ እንደሆኑ አይተው ነበር እኮ! ጠየቁም። «ኖቶቹ አንጎላ ሲደርሱ አንጎላ የሚል ይታተምባቸዋል፣ አይምታታም» አሏቸው የሬይስ ተባባሪዎች። ማብራሪያው አጥጋቢ መሰላቸውና አተሙ። የፖርቱጋል ባንክ ከሰሳቸው፤ በ1932 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከ600,000 ፓውንድ በላይ አስከፈላቸው። እናንተም ቁጥር አልገጥም ሲላችሁ አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው ምክንያት ሊደረድርላችሁ ይችላል። ምክንያቱን ከእሱ አትቀበሉ፤ በራሳችሁ መንገድ ሄዳችሁ ባለቤቱን ጠይቁ።

«ገንዘቤ ተሰርቋል፣ በቁጥሩ ፈልጉልኝ» ብሎ የሚመጣ ደንበኛም አይጠፋም። ቁጥሩን አስቀድመህ መዝግበኸዋል ወይ? ስትሉት ዝም ይላል። የትኛው ኖት ማን እጅ እንደገባ የሚጽፍ የለም። አሜሪካ ውስጥ የታዋቂው አብራሪ የቻርለስ ሊንድበርግ ሕፃን ልጅ በ1932 እ.ኤ.አ. ሲታገት ግን 50,000 ዶላሩ የተከፈለው ቁጥሩ ተመዝግቦ ነው። በ1934 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ነዳጅ ቀጂ የተቀበለው 10 ዶላር አጠራጠረውና ጠርዙ ላይ የመኪናውን ታርጋ ጻፈበት። ባንክ ሲደርስ ቁጥሩ ከዝርዝሩ ውስጥ ተገኘ። ተከሳሹ ብሩኖ ሃውፕትማን በታርጋው ተያዘ።

ሱቅ የምትሠሩት ይህን ያዙ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው ባለ 200 ብር ከአንድ ሰው በብዛት ሲመጣላችሁ ዘርግታችሁ ቁጥራቸውን አስተያዩ። አንድ ዓይነት ቁጥር ሁለት ጊዜ ካያችሁ ቢያንስ አንደኛው ፎርጅድ ነው፤ ክርክር የለውም። ቁጥራቸው ተለያየ ማለት ግን ደህና ናቸው ማለት አይደለም። ወረቀቱን በጣት ዳብሱ፣ ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩ። ያጠራጠራችሁን ወደ ባንክ ውሰዱት፤ ለቀጣዩ ደንበኛ መልስ አድርጋችሁ እንዳትሸኙት።

ሂሳብ ክፍል የምትገቡት ደግሞ የደረሰኝ ጥራዝም ተከታታይ ቁጥር ያለው በዚሁ ምክንያት ነው። ደረሰኝ ሲበላሽባችሁ ቀዳችሁ አትጣሉ። «ተሰርዟል» ብላችሁ ጻፉበትና ኮፒዎቹን በሙሉ እዚያው ጥራዙ ላይ ተዉአቸው። ኦዲተር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ የጠፋችውን ቁጥር ነው።