ቢፒሲ 157 ለጨጓራ ይሆናል ወይ ላልሽው እህት

እህቴ፣ «ጨጓራና አንጀቴ አላስቀምጥ ብሎኛል፣ ቢፒሲ 157 የሚባለውን ፔፕታይድ በመርፌ የወሰደ አለ?» ላልሽው፣ አለ፣ እኔ አለሁ። እዚሁ ሜሪላንድ። ምንነቱን አንብበሽ እንደመጣሽ ያስታውቃል፣ ለሌላው አንባቢ ግን ባጭሩ፦ ፔፕታይድ ማለት የአሚኖ አሲዶች አጭር ሰንሰለት፣ ትንሽ ፕሮቲን በይው፤ ቢፒሲ 157 ደግሞ ቁስል ያድናል እየተባለ የሚሸጥ፣ በላብራቶሪ የሚሠራ ፔፕታይድ ነው።

1. «በጥናት የተረጋገጠ ነው» ሲሉሽ «በማን ላይ?» በያቸው። አብዛኛው ጥናት የመጣው ከክሮኤሺያ፣ ከዛግሬብ ነው። የተሞከረውም በአይጥ ነው። በሰው ላይ የተሠራው በጣት የሚቆጠር ነው። ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ) በ2023 ለደህንነት ያሰጋሉ ካላቸው፣ ፋርማሲዎች ሊቀምሟቸው ከማይገቡ ነገሮች ጋር መድቦት ነበር። ፔፕታይድ ሁሉ ማጭበርበሪያ ነው አላልኩም፣ ኢንሱሊንም እኮ ፔፕታይድ ነው። ለሆድ ድርቀት የሚታዘዘው ሊናክሎታይድም እንደዚያው። እነሱ ግን በሰው ተሞክረው ነው የተፈቀዱት።

2. ብልቃጡን አገላብጠሽ አንብቢ። እኔ የሄድኩበት ዌልነስ ክሊኒክ የሰጠኝ ላይ በደቃቅ ፊደል «ለምርምር ብቻ» ይላል። ለሰው አይደለም ማለት ነው! የት ተሠራ፣ ንጽህናው የተመረመረበት ወረቀትስ የታለ ብዬ ስጠይቅ፣ ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል «ሌሎች ደንበኞቻችን እንዲህ አይጠይቁም» አለችኝ። እኔ እጠይቃለሁ፣ አልኳት። ገንዘቡን ግን የተከፈተ አይመለስም ብለው ዋጡት። ይባስ ብለው «ለበሽታ መከላከያሽ» እያሉ ታይሞሲን አልፋ 1 የሚባል ሌላ ፔፕታይድ ሊጨምሩልኝ ነበር። ማቃጠሉ እንደሆነ ንቅንቅ አላለም።

3. ኤች ፓይሎሪ (ጨጓራን የሚያቆስለውን ባክቴሪያ) ተመርመሪ ልልሽ ነበር፣ «ተመርምሬ የለብኝም ተብያለሁ» እንደምትይኝ ግን አውቃለሁ። እኔም እንደዚያ ተብዬ ነው ወደ መርፌው የሄድኩት። ናሙናውን ስትሰጪ ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ መቀነሻውን) እየወሰድሽ ነበር አይደል? እሱ ባክቴሪያውን ስለሚያዳክመው የሰገራውም የትንፋሹም ምርመራ እያለብሽ «የለም» ሊል ይችላል። ከምርመራው በፊት ኦሜፕራዞል 2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ 4 ሳምንት መቆም አለበት። (ሐኪምሽን ሳታማክሪ እንዳታቆሚ፣ በተለይ ቁስለት ወይም መድማት ካለ።) ይቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያው ሐኪሜ ቢሮ ውስጥ የሚነግረኝ ሰው ጠፋ፣ ስደውልላቸውም «ውጤትሽ ኖርማል ነው» ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። በኋላ ሌላ የጨጓራ ሐኪም ያዝኩ። ገና ከመቀመጤ ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ አለኝ። አስቁሞ ደግሞ ሲያስመረምረኝ ባክቴሪያው ቁጭ ብሏል። አንቲባዮቲኩ ሆድ ይበጠብጣል፣ አፍም ያመርራል፣ ግን ጨርሼዋለሁ። አሁን ዶሮ ወጥ እበላለሁ፣ ያውም በአዋዜ።

አንጀትሽን ስላልሽ ካልፕሮቴክቲን የሚባለውን የሰገራ ምርመራም ጠይቂ፣ አንጀት ውስጥ ብግነት ካለ ይጠቁማል። እኔ ለምኜ ሳይሆን ተጨቃጭቄ ነው ያሳዘዝኩት። ሰገራሽ ላይ ደም ካየሽ ግን የማንንም መልስ እዚህ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ሂጂ። ለክሊኒኩ ቀብድ ከፍለሽ ከሆነ ደግሞ ብልቃጡን ሳትከፍቺ መልሺላቸው።