ራዲያተሩን ተወው፣ መጀመሪያ ቱቦውን አውጣ

ወንድሜ፣ «ዶጅ ደብሊውሲ 52፣ ያን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጦር መኪና፣ አድሼ ጨርሻለሁ፣ ሜዳ ላይ ሰላም ነው፣ ዳገት ሲጀምር ይፈላል፣ ትልቅ ራዲያተር ላስገባ ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። አታስገባ። እኔ አስገብቼ አይቼዋለሁ።

የኔም ያው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 3.8 ሊትሩ ሞተር ነው። ቀለሙም ሸራውም አልቆ፣ ወዳጆቼን ጭኜ ልኩራራ በወጣሁበት ቀን ዳገቱ መሃል እንፋሎቱ በኮፈኑ ስር ተንቦለቦለ።

1ኛ. ቴርሞስታቱን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የማያሳልፈውን ክዳን፣ እንዳትጥል። ሁሉም «ጣለው» ይልሃል። ጣልኩት። ዳገት ላይ መፍላቱ አልቀረም፤ ሜዳ ላይ ደግሞ ሞተሩ አልሞቅ ብሎ የዘይት መሙያው ክዳን ስር ነጭ አረፋ ያዘ።

2ኛ. የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር አትግዛ። የኛ መኪና 6 ቮልት ነው፣ የገዛሁት የ12 ነበር። ዞረ ከተባለ ዞረ። ፋብሪካው የሰጠህ ቬንትሌተር ችንጋው ካልላላ ይበቃሃል።

3ኛ. ራዲያተር። ገንዘቤን የበላው እሱ ነው። ውስጡን በሙሉ በአዲስ፣ ወፍራም በሆነ አስቀየርኩ። ያው ዳገት፣ ያው እንፋሎት። ተናድጄ የዘመናዊ መኪና የራዲያተር ክዳን፣ 15 ፒኤስአይ ግፊት የሚይዘውን ገጠምኩበት። ሲሞቅ የላይኛው ታንክ ብየዳው ተተረተረ። አሮጌ ራዲያተር እኮ ለዚያ ግፊት አልተሠራም! ይህን ለማወቅ ሁለት ጊዜ ከፈልኩ።

4ኛውን ተወው፣ ቁጥሩ ይቅር። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። በብሎኩ (ሲሊንደሮቹን በያዘው የሞተሩ አካል) ውስጥ፣ ከውሃ ፓምፑ ጀርባ ተነስቶ እስከ ኋላ የሚሄድ ቀጭን የቆርቆሮ ቱቦ አለ። ጎኑ ላይ ቀዳዳ አለው፤ ቀዝቃዛውን ውሃ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ የሚያደርሰው እሱ ነው። ዝገት ከበላው ውሃው ከፊት ለፊት ይዞርና ይመለሳል፤ ኋላ ያሉት አምስተኛውና ስድስተኛው ይቃጠላሉ። እኔ የነቃሁት በእጅ የሚያዝ የሙቀት መለኪያ ተውሼ ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ስለካ ነው። ከፊት 82 ዲግሪ፣ ከኋላ 104።

ሞተሩን ወደሠራልኝ ወርክሾፕ ሄድኩ። «ብሎኩን ስታጥቡ ቱቦውን አውጥታችሁት ነበር?» አልኩ። አለቃው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «እሱ አይወጣም። ደግሞ ሥራ አታስተምረኝ» አለኝ። ሙሉ የእጥበት ሂሳብ ተቀብሎኝ እኮ ነው!

ይወጣል። ራዲያተሩንና ፓምፑን ፈታሁ፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ነፍቼበት አሳደርኩት፣ ጫፉን ባጠፍኩት ጠንካራ ሽቦ እየነከስኩ ጎተትኩ። ሁለት ቀን ፈጀ፤ ቁርጥራጭ ሆኖ ነው የወጣው። ከኋላው ያለውን ጭቃ ባታየው ይሻላል። የብሎኩን ታፖዎች (የውሃ መንገዱን የሚደፍኑትን ክዳኖች) ነቅዬ በውሃ ግፊት አጠብኩት፤ ጥቁር ቡናማው እስኪጠራ ግማሽ ቀን ሄደ። አዲሱ የነሐስ ቱቦ ግን በእጄ ሰተት ብሎ ገባ። ቀዳዳዎቹ ወደ ቫልቮቹ መዞራቸውን ሳታይ ፓምፑን እንዳትመልስ። የታችኛውን ማኒኮቶም (ከራዲያተር ወደ ፓምፑ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ) በዚያው ቀይረው፤ ካረጀ ፓምፑ ሲስበው ይጣበቃል።

አሁን ያንኑ ዳገት ጭነት ይዤ እወጣዋለሁ፣ የሙቀት መርፌው ንቅንቅ አይልም። የወጣውን ዝገት በጣሳ ይዤ ለአለቃው ላሳየው ሄድኩ። አገላብጦ አየና «ይኸው፣ ሙሉውን አልወጣልህም» አለኝ።