መልስ፦ አልድበራ ያለው የብረት ዛጎል

«ለአንድ ቀን ከለንደን ተነስቶ በምሥራቅ እንግሊዝ ወዳለችው ከተማ ወደ አልድበራ ሄዶ ያን የባህር ዳር የብረት ዛጎል ሐውልት ማየት ያዋጣል? ሰውስ ለምን ይጠላዋል?» ላልከው፦

ያዋጣል ወንድሜ፣ ግን ቀኑን ሙሉ መድብለት። ለንደን ካለው ከሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ በባቡር ተነስተህ ኢፕስዊች ላይ ትቀይራለህ፣ ሳክስመንድሃም ወርደህ አውቶቡስ ትይዛለህ። ከዚያ ከአልድበራ በባህሩ ዳር ወደ ጎረቤቷ መንደር ወደ ቶርፕነስ በእግርህ ስታቀና ጠጠሩ ላይ ቆሞ ታየዋለህ።

የእንግሊዛዊቷ ሠዓሊና ቀራፂ የማጊ ሃምብሊንግ ሥራ ነው፣ በ2003 እ.ኤ.አ. የቆመ። ቁመቱ 4 ሜትር አካባቢ ሲሆን ከማይዝግ ብረት የተሠራ ነው። የሙዚቃ ደራሲው የቤንጃሚን ብሪተን መታሰቢያ ስለሆነ ብረቱ ላይ ያሉት ቃላት የተወሰዱት «ፒተር ግራይምስ» ከተባለው ኦፔራው ነው። የኦፔራው ታሪክ ደግሞ የተቀዳው እዚያው አልድበራ ከተወለደው ገጣሚ ከጆርጅ ክራብ ግጥም ነው። ደስ የሚለው ፊደሎቹ ናቸው። ብረቱ ተበስቶ ነው የወጡት። ቀና ብለህ በሰማዩ ብርሃን ታነባቸዋለህ፤ ሲደምን ግራጫ፣ ሲጠራ ሰማያዊ ይሆናሉ።

ጥላቻው? «ባዶውን ዳርቻ አበላሸብን» ነው ነገሩ። ደጋግመው ቀለም ደፍተውበታል፣ ይነሳ ብለውም ፊርማ አሰባስበዋል። እኔ አልገባቸውም ባይ ነኝ። አጥር የለው፣ ጠባቂ የለው፤ ልጆች ይወጡበታል፣ ነፋስ ሲበረታ ሰው ይጠለልበታል።

ሸበጥ እንዳታደርግ ብቻ፣ ጠጠሩ አያስኬድህም።