ጅማ ላይ ቤት በበጋ ታይቶ አይገዛም

እህቴ፣ «ይህን ቤት እንግዛው ወይ?» የሚለውን ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከአዌቱ ወንዝ አካባቢ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት አይታችኋል። አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ደላላው «እስከ ቅዳሜ ቀብድ ካልከፈላችሁ ሌላ ሰው ይወስደዋል» ብሏችኋል። እኔ የምለው፣ ቤቱን ሳትፈትሹ ምንም እንዳትከፍሉ።

እኔና ባለቤቴ በ2008 ዓ.ም. የገዛነው ልክ እንዲህ ያለ ቤት ነው። ጊዜው ጥር ነበር። ግቢው ደረቅ፣ ግድግዳው ነጭ ነበር። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ከላይ ሰፈር የወረደው ጎርፍ በጓሮ በር ገባ። ልጆቹን አልጋ ላይ አውጥተን እስኪነጋ ውሃ በባልዲ ስንቀዳ አደርን። ግድግዳው ሲደርቅ ቀለሙ እየተላጠ ወደቀ። ከሥሩ የድሮ ጎርፍ የተወው ቡናማ መስመር ወጣ፤ ጉልበቴ ድረስ ይደርሳል። ሻጩ ያውቅ ነበር። ጎረቤትም ያውቅ ነበር፤ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም።

ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። እዚህ ቤትን የሚጎዳው መጀመሪያ ውሃ ነው። ብትችሉ ዝናቡ እስኪጀምር፣ እስከ መጋቢት ድረስ ታገሱ። አንድ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል እዚያው ግቢ ቁሙ። መታገስ ካልቻላችሁ ደግሞ አራት አምስት ባልዲ ውሃ ግቢው ውስጥ አፍስሱና ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ወደ ቤቱ ከመጣ መልሱን አገኛችሁ።

ከዚያ ግድግዳውን ከታች ጀምራችሁ እዩ። አልጋና ቁም ሳጥን ካለ አስነሱ። ጨው የመሰለ ነጭ ነገር ካለ እርጥበት ከመሬት እየወጣ ነው። የጭቃው ግድግዳ በሲሚንቶ ከተለሰነ በጣት አንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ከጭቃው ለቋል። በር ጥግና ጣሪያው ሥር ቀጭን የአፈር መስመር ካያችሁ ምስጥ ነው። እንጨቱን በሚስማር ውጉት፤ ሚስማሩ በቀላሉ ከገባ ውስጡ ተበልቷል። እኛ ሁለት ምሰሶ የቀየርነው በዚህ ምክንያት ነው፣ ወጪውም ቀላል አልነበረም። ከመስኮት ጥግ ሰያፍ የወጣ ስንጥቅ ካለ ደግሞ ስለ መሬቱ ጠይቁ። ጥቁር ዋልካ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳውም አብሮ ይንቀሳቀሳል።

ኮርኒሱ ላይ ቢጫ ቀለበት ካለ ቆርቆሮው ያፈሳል ማለት ነው፤ እሱ ግን ይጠገናል፣ አያስፈራም። የጉድጓድ ውሃ ካለ ከሽንት ቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ እዩ። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ በክረምት ሞልቶ ይፈስ እንደሆነም ጠይቁ።

ወረቀቱን በተመለከተ አጭር ነው። ካርታው በሻጩ ስም መሆኑንና እዳና እገዳ እንደሌለበት ራሳችሁ መሬት ቢሮ ሄዳችሁ አረጋግጡ፤ የደላላ ቃል አይበቃም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። ውሉ በውልና ማስረጃ ይመዝገብ። በአገራችን ፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ሻጭ ከቀየረ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ ከሰጣችሁ በኋላ ምስጥ ብታገኙ ብሩን ማስመለስ ከባድ ነው። መጀመሪያ ፍተሻ፣ ከዚያ ቀብድ።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን ነገ ጠዋት ብቻሽን፣ ያለ ደላላ፣ ወደ ጎረቤት ሂጂ። ብዙ ዓመት የኖሩ እናት ፈልጊ። ቡና ካፈሉ ቁጭ ብለሽ ጠጪ። «ባለፈው ክረምት ውሃው እስከ የት ደረሰ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። «ደርሶ ያውቃል ወይ?» አትበዪ፤ እንደዚያ ከጠየቅሽ ለሻጩ ይሉኝታ ይዟቸው «አይ» ሊሉ ይችላሉ። የእኔ ጎረቤት ኋላ ላይ ያሳዩኝ የቤታቸው ግድግዳ ላይ ጎርፉ የተወውን ምልክት ነበር። በጣታቸው ነክተው አሳዩኝ።

የግድግዳውን ታችኛ ክፍልና የጓሮውን ፎቶ አንስተሽ እዚህ ላኪው፤ አይቼ የሚመስለኝን እጽፍልሻለሁ።