ከወንበሩ ተነሱና ተራመዱት

ውድ የፒያኖ ተማሪዎች፣

ፒያኖ ማስተማር ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ነገር አልተለወጠም። ተማሪው የጀርመናዊውን አቀናባሪ የባኽን ስዊት (የተለያዩ ዳንሶች ስም ያላቸው ሙዚቃዎች ስብስብ) ይከፍታል። «ሳራባንድ» የሚል ርዕስ ያያል። «ቀስ ብዬ ልጫወተው» ይልና ጣቶቹን ኪቦርዱ ላይ ያሳርፋል። ርዕሱ የዳንስ ስም መሆኑ ትዝ አይለውም። እኔም ለዓመታት እንደዚያው ነበርኩ።

ጀማሪ ሁሉ የሚጫወታትን፣ በጂ ሜጀር የተጻፈችውን ሚኑዌት ታውቋታላችሁ። ሚኑዌትም በሦስት ምት የሚቆጠር ዳንስ ነው። በ1725 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የባኽ ሚስት አና ማግዳሌና በያዘችው የሙዚቃ ደብተር ውስጥ ትገኛለች። ለረጅም ዘመን የባኽ ሥራ ትባል ነበር። የድሬስደኑ ኦርጋን ተጫዋች የክርስቲያን ፔትሶልድ ሥራ መሆኗ የታወቀው በ1970ዎቹ ነው። ልጅ ሆኜ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያልኩ አንደኛውን ምት እየደበደብኩ ተማርኳት። ማንም አላረመኝም።

በኋላ፣ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ አውሮፓ ውስጥ የድሮ ዳንስ አጭር ኮርስ ገባሁ። አስተማሪዋ የፒያኖውን ክዳን ዘጋችና «ተነሱ» አለችን። የሚኑዌት አንድ ሙሉ እርምጃ ስድስት ምት ይፈጃል። ሁለት ባር ማለት ነው፤ አንዱ ባር ሦስት ምት ይይዛል። በስድስቱ ምት ውስጥ እግር አራት ጊዜ ይረግጣል፤ በተለመደው አቆጣጠር በ1፣ በ3፣ በ4 እና በ5 ላይ። ጉልበት የሚታጠፈው ከምቱ በፊት ነው። በአንደኛው ምት ላይ ሰውነት ቀና ይላል። እኔ ስደበድበው የኖርኩት ምት፣ ዳንሰኛው ወደ ላይ የሚነሳበት ነበር! ያን ቀን ማታ ሚኑዌቷን ስጫወታት እጄ ሌላ ሰው እጅ መሰለኝ።

ያን ዳንስ የሚደንሱት እነማን እንደነበሩም አስቡ። በፈረንሳዩ ንጉሥ በሉዊ 14ኛ ቤተ መንግሥት ሚኑዌት የሚደንሰው አንድ ጥንድ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ቆሞ ያያል። መጀመሪያ ለንጉሡ እጅ ይነሳሉ፣ ከዚያ እርስ በርስ። ንጉሡ ራሱ ዳንሰኛ ነበር። በ1653፣ ገና በ14 ዓመቱ፣ በአንድ የባሌት ትርኢት ላይ ፀሐይ ሆኖ ወጥቷል። በ1661 የዳንስ አካዳሚ አቋቋመ። በ1700 ደግሞ ፌዬ የሚባል የዳንስ መምህር የእግርን መንገድ በመስመርና በምልክት የሚጽፍ መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ እርምጃዎቹን የምናውቀው በእንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ነው። ሁሉም ሰው ዓይኑን ተክሎባችሁ ስትራመዱ አትሮጡም። ስትጫወቱም አትሩጡ።

ሳራባንድ ደግሞ ታሪኩ ይገርመኛል። ስፔን ውስጥ ፈጣንና ጋለ ያለ ዳንስ ነበር፤ ነውር ነው ተብሎ በ1583 ታገደ። ፈረንሳይ ሲደርስ ረጋ አለ፣ ክብር ለበሰ። ግን የጥንት ጉልበቱ ሁለተኛው ምት ላይ ቀርቷል። እዚያ ምት ላይ ቆም በሉ። ብዙ ተማሪ የሚያልፈው እሱን ነው።

ሁሉም ግን ለእግር የተጻፈ እንዳይመስላችሁ። በስዊቱ ውስጥ የምታገኙት ሌላው ዳንስ፣ አሌማንድ፣ በባኽ ዘመን ዳንስነቱ ቀርቶ ለጆሮ ብቻ የሚጻፍ ሙዚቃ ሆኖ ነበር። እሱን እንደ ጨዋታ፣ እንደ ወሬ አውሩት። ኩራንት የሚባለው የፈረንሳይ ዳንስ ደግሞ አስቸጋሪ ነው። ስድስቱ ምት አንዴ ሦስት ሁለት፣ አንዴ ሁለት ሦስት ሆኖ ይከፈላል። ችክችካ እየሰማ ያደገ ልጅ ግን ይህን ትከሻው ያውቀዋል። እባካችሁ፣ በዚህኛው ትከሻችሁን እመኑ።

አንድ ነገር ስለ መሣሪያው። ይህ ሙዚቃ ሲጻፍ ዋናው መሣሪያ ሃርፕሲኮርድ የሚባለው፣ እንደ ፒያኖ ኪቦርድ ያለው የድሮ መሣሪያ ነበር። ክሩ እንደ ክራር ተስቦ ይለቀቃል እንጂ እንደ ፒያኖ አይመታም፤ ጠንክራችሁ ብትነኩትም ድምፁ ይህን ያህል አይጨምርም። ስለዚህ ተጫዋቹ ምትን የሚያጎላው በጊዜ ነው፤ ኖታውን ትንሽ በማስረዘም፣ ከሱ በፊት ትንሽ ዝምታ በመተው። በመጀመሪያው ሳምንት ፔዳሉን አትንኩ። ዝምታው ይሰማችሁ።

ከየት እንጀምር ካላችሁኝ፣ ከባኽ አምስተኛው የፈረንሳይ ስዊት ጋቮት ጀምሩ። ጋቮት ባሩ አራት ምት ሆኖ የሚቆጠር ዳንስ ነው፤ ባሩ መሀል ላይ ይጀምራል። «ሦስት፣ አራት» ብላችሁ ተነሱ፣ በ«አንድ» ላይ ድረሱ። መጀመሪያ በእግር፣ ቀጥሎ በጭብጨባ፣ ከዚያ በእጅ። ቤቱ ጠባብ ከሆነ ኮሪደር ይበቃል። ቤተሰብ ቢያያችሁም አትፈሩ፤ በቬርሳይ፣ በሉዊ ቤተ መንግሥት፣ የነበሩ ሰዎች ከዚያ በበለጠ ሰው ፊት ነው የተራመዱት። እኔ ዛሬም ሚኑዌት ለማስተማር ከመቀመጤ በፊት ክፍሉን አንድ ጊዜ እዞረዋለሁ።