ወደ ምርምር ተቋም ከመሄዳችሁ በፊት ስለ ባለቤትነት ተስማሙ

ጥያቄ፦ በባዮሜዲካል ምህንድስና ተመርቄያለሁ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የወባ ስላይድ (የደም ናሙና የተቀባበት መስታወት) በስልክ ካሜራ የሚያነብ መሣሪያ ሠርተናል። ከመንግሥት የምርምር ተቋም ጋር ሆነን ለገበያ ማብቃት እንፈልጋለን። ሐሳባችን እንዳይወሰድብን ግን ፈርተናል። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃታችሁ ተገቢ ነው። ግን ከተቋሙ ሸሽታችሁ የትም አትደርሱም። መሣሪያችሁ በትክክል ማንበቡ የሚታወቀው ልምድ ባላቸው ባለሙያዎች ከተነበበና የተውሳኩን ዘረመል በሚፈልገው የፒሲአር ምርመራ ከተረጋገጠ ብዙ ስላይድ ጋር ሲመሳከር ነው። ይህ እናንተ ጋር የለም። የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትን ወይም አለርት ግቢ ያለውን አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትን አነጋግሩ። ስትሄዱ ገንዘብ አትጠይቁ፤ ናሙናና ፍተሻ ጠይቁ።

ባዶ እጃችሁንም አይደላችሁም። አገራችን ውስጥ ሁለቱም የወባ ተውሳክ ዓይነቶች፣ ፋልሲፓረምም ቫይቫክስም፣ አሉ። ኤችአርፒ2 የተባለውን ፕሮቲን የማያመነጩ የፋልሲፓረም ተውሳኮችም ተገኝተዋል። በዚህ ፕሮቲን ላይ ብቻ የሚመሠረት ፈጣን ምርመራ እነዚህን ሊስት፣ የታመመውንም ሰው «ነጻ ነህ» ብሎ ሊሸኘው ይችላል። ስላይድ ላይ ግን የሚታየው ተውሳኩ ራሱ ነው። ማይክሮስኮፕ በደንብ የሚያነብ ባለሙያ በሌለበት ጤና ጣቢያ መሣሪያችሁ ምን እንደሚያግዝ በሁለት ገጽ ጽፋችሁ ግቡ። ተመራማሪ ጆሮ የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ወደ ባለቤትነቱ ልምጣ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ እንዶድ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ደረሰበት። በ1990ዎቹ እንዶድን ዚብራ መስል ለተባለ ወራሪ የውኃ ውስጥ ባለዛጎል እንስሳ ማጥፊያነት ለማዋል የተሰጠው የአሜሪካ ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ግን የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። አንድን ነገር ማግኘትና የንግድ መብቱን መያዝ ለየቅል ናቸው።

የእናንተው ደግሞ ትንሽ ይወሳሰባል። መሣሪያው የእናንተ ነው፣ ስላይዱ የተቋሙ። በዚያ ስላይድ የሠለጠነው ሶፍትዌርስ የማን ነው? ጥናቱ ሲያልቅ ምስሎቹን መጠቀም ትችላላችሁ? ተቋሙ ከሽያጩ ድርሻ አለው ወይስ ለመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በቅናሽ ታቀርባላችሁ? እኔ ብሆን ሁለተኛውን አስቀድሜ አቀርባለሁ፤ ለተቋሙ ዓላማም ይቀርባል። ተመራማሪው ማሳተም ይፈልጋል፣ መብቱም ነው። ግን የፓተንት ማመልከቻ ሳታስገቡ ከታተመ፣ ብዙ አገር ላይ «አዲስ አይደለም» ትባላላችሁ። ስለዚህ ጽሑፉን ከመላኩ በፊት እንዲያሳያችሁ ውሉ ውስጥ ይግባ። ይህ ሁሉ የመጀመሪያው ስላይድ ከመነበቡ በፊት ይፈረም። ዝርዝሩን ከማሳየታችሁ በፊት ደግሞ የሚስጥር መጠበቂያ ስምምነት ይቅደም፣ ማመልከቻውንም ወደ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ውሰዱ።

ከሦስታችሁ አንዱ የፈቃድ ጉዳይን ሥራዬ ብሎ ይያዝ። ሙያ ነው፣ በዚህ የሚቀጥሩ ድርጅቶችም አሉ። የጥናቱ ዕቅድ ሳይጸድቅ ወደ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሄዶ ለምዝገባ ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚፈለግ ይጠይቅ፤ አለበለዚያ ጥናቱ ካለቀ በኋላ «ይህ አይበቃም» ሊባል ይችላል።